ሠላሳኛው ሰሌዳ

ከአሮጌው ድልድይ እስከ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ስንት ነው? ዮስታይንን ከጠየቃችሁት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ እጁ ላይ ያሰረው ሰዓት እንደዚያ ብሎታል። እህቱን ቶሩንን ከጠየቃችኋት ደግሞ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ቶሩን ዓይኗ አያይም፤ መንገድ የምታውቀው በእግሯ ነው። በስታዲየሙ መም ላይ መቶ ሜትር ዘጠና ሦስት እርምጃ ይፈጅባታል፤ ሌላውን ከዚያ ተነስታ በጭንቅላቷ ታሰላዋለች። ስታሰላው ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሃምሳ ሜትር ያህል ይጎድላል።

"ጎደለ" አለች ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሰው ሲቆሙ፣ ከአፍንጫዋ ላይ የዝናቡን ውሃ እየጠረገች።

"ምኑ?"

"መንገዱ ነዋ! ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም እያልኩህ።"

"እታለም፣ ይሄ ሰዓት የሚነጋገረው ሰማይ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ነው። አንቺ የምትነጋገሪው ከጫማሽ ጋር።"

"ጫማዬ ዋሽቶኝ አያውቅም።"

"ሰዓቴስ መቼ ዋሸሽ?"

"እሱን ገና አልተዋወቅነውም" አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ማርች ላይ ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ቀልድ ነበር። ሃውክቪክ በኖርዌይ ምዕራብ ጫፍ፣ ባሕሩ በተራሮች መካከል ገብቶ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። መንገዷ አንድ ነው፤ በአንድ በኩሉ ቀና ብለው አንገት እስኪያማቸው የሚያዩት ገደል፣ በሌላው ባሕር። ዝናብ ያልዘነበ ቀን ሰው ምን ሊመጣ ነው ብሎ ይጠራጠራል። የአሉሚኒየሙ ፋብሪካ ባይኖር ኖሮ ከባሕር ወፎቹ በቀር የሚቀርባት ያለ አይመስለኝም። ዮስታይንም እዚያው ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ያለው እህቱና ሩጫ ነው።

ሰዓቱን የገዛው ጃንዋሪ ላይ ነበር። በዚያ አገር ሰው የሩጫ ሰዓት ሲገዛ ሰዓት ለማየት እንዳይመስላችሁ። እንቅልፉን ያስለካዋል፣ ልቡን ያስቆጥረዋል፣ ጠዋት ሲነሳ ደክሞት እንደሆነና እንዳልሆነ እንኳ የሚያውቀው መጀመሪያ እሱን ጠይቆ ነው። ደህና አድሮ የተነሳ ሰው ሰዓቱ "አላረፍክም" ስላለው ብቻ ቀኑን ሙሉ ፊቱን አጨፍግጎ ሲውል በዓይኔ አይቻለሁ። ዮስታይንም ከእነዚህ አንዱ ሆነ። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዳቦውንና የአገሩን ጠጣር ቡናማ አይብ ከወረቀት ፈትቶ ሲበላ ወሬው ስለ ሰዓቱ፣ ገበያ ሲሄድ ወሬው ስለ ሰዓቱ ነበር። ሰው ሰለቸው፤ እሱ አልሰለቸውም።

በቶሩን ላይ የደረሰው ከእናታቸው የወረደ የዓይን በሽታ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እይታዋ ከዳር ከዳሩ መጨለም ጀመረ፤ ሠላሳ ሰባት ላይ ጨርሶ ጠፋ። አሁን አርባ ሦስት ሆኗታል። ዮስታይን ተመረመረ፤ እሱ ላይ አልወረደም። እህትና ወንድም ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው አንስተውት አያውቁም። ግን ሐኪሙ "አንተ ነፃ ነህ" ካለው ቀን ጀምሮ ዮስታይን እህቱ ፊት ሲቆም የሰው ዕቃ ወስዶ ያልመለሰ ሰው ዓይነት ስሜት ይሰማዋል። መሪዋ ሆኖ መሮጥ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከድሮ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማሰሪያ ቆርጠው፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥረው ገመድ ሠሩ። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እሱ ይዞ፣ ክንድ ለክንድ እየተነካኩ፣ እሱ "ቀኝ፣ ጠርዝ አለ፣ ጉድጓድ፣ ግራ" እያለ፣ እሷ ያለውን እየረገጠች፣ ይኸው አራት ዓመት ሮጡ።

እውነቱን ለመናገር ሯጯ እሷ ናት። እሱ መካከለኛ ነው።

በዚያ ዓመት የመጣው ደብዳቤ ነው ቀልዱን ቀልድ እንዳይሆን ያደረገው። ፌዴሬሽኑ ለሚቀጥለው በጋ ሻምፒዮና ማየት በተሳናቸው ሴቶች ማራቶን አንድ ቦታ አለኝ አለ። ሚኒማው፣ ማለትም ቦታውን የሚያስገኘው ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። በትክክል በተለካ ጎዳና፣ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ቦታው ለወጣቶች ይሰጣል፤ ለቶሩን ሁለተኛ ዕድል የለም። ዮስታይን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበላት። ሦስተኛ ጊዜ አንብብልኝ አለችው።

ይህን ነገር ለምን እንደዚያ እንደፈለገችው ላልገባው ሰው አንድ ነገር ልናገር። ቶሩን ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት የከተማው መድኃኒት ቤት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች፤ የማን ደም ግፊት እንደሚጨምር፣ የማን ልጅ እንደሚያስለው ሁሉ ታውቅ ነበር። ሰው በስሟ ይጠራት፣ ያማክራት ነበር። ዓይኗ ሲጠፋ ያው ሰው፣ ያው ጎረቤት፣ ካፌ ውስጥ አጠገቧ ቆሞ ወንድሟን "ቡናዋ ላይ ወተት ትፈልጋለች?" እያለ መጠየቅ ጀመረ። በክፋት አይደለም። ግን እሷ እዚያው ቁጭ ብላለች፤ ጆሮዋ ደህና ነው፣ ምላሷም ደህና ነው።

"ብሔራዊ ቡድን ከገባሁ" አለችው አንድ ቀን፣ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ "እኔን ነው የሚጠይቁት። 'ቶሩን፣ እንዴት ነበር?' ብለው። አንተን አይደለም። አትቀየመኝ።"

"ምን ያስቀይመኛል፣ እታለም።"

"ትንሽ ተቀየም። ደስ ይለኛል።"

ሚኒማውን ለማሟላት ኪሎ ሜትሩን በአራት ደቂቃ ከአርባ አራት ሰከንድ እየጨረሱ መሄድ ነበረባቸው። ከዚያ የዘገየ ኪሎ ሜትር ዕዳ ነው። ስለዚህ ሃምሳ ሜትር ጎደለ አልጎደለ የሚለው ነገር የጫማና የሳተላይት ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ይህን መጀመሪያ ያዩት ጋሽ አስብዮርን ነበሩ። ጋሽ አስብዮርን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበሩ፤ አሁን በሩጫ ክለቡ የሚቀድማቸው እንጂ የሚቀድሙት የለም፤ ግን አይቀሩም። አንድ ረቡዕ ከልምምድ በኋላ የክለቡ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ዮስታይን ስለ ሰዓቱ ሲያወራ ሰሙት።

"ስማ" አሉት፣ "ያ ነገር ገደሉ ሥር ስትሆን ግራ ይገባዋል። ገደል ሥር ስትጮህ ድምፅህ ነጥሮ ይመለሳል አይደል? ከሰማይ የሚመጣው ምልክትም እንደዚያው ነው የሚሆነው። ያልሄድክበትን ሄድክ ይልሃል።"

"ጋሽ አስብዮርን፣ እርስዎ በዚያ በጎማዎ መንገድ ሲለኩ እኮ ሳተላይት አልተወለደም ነበር!" አለ ዮስታይን፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሽማግሌው አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። "ጎማዬ ምድር ቤት ቆማለች" አሉ። "ይዣት ልምጣና መንገዱን ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እንለካው። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ደግሞ ሌላ ነገር ልንገርህ፤ የውድድር ጎዳና የሚለካው አጭሩን መስመር ይዞ ነው። እናንተ ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን ስትሮጡ መታጠፊያ ላይ ትሰፋላችሁ። ለእናንተ ማራቶኑ ከሌላው ይረዝማል። ሰዓትህ ላይ አርባ ሁለት ሲሞላ አልቋል እንዳትል።"

"ይምጡ፣ ቅዳሜ ይምጡ" አለች ቶሩን ቶሎ ብላ።

ዮስታይን ፊቱ ተለወጠ። ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየው ነበር፤ ከእሷ በቀር። "ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫችን ነው" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእሷ ብቻ እንዲሰማ፣ "አታምኚኝም ማለት ነው?" አላት።

ቶሩን ገመዱን ኪሷ ውስጥ ስታሻሸው ቆየችና፣ "ይቅር ጋሽ አስብዮርን፣ አመሰግናለሁ" አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ "ጎደለ" ብላ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይደርሳሉ፣ ሰዓቱ ይጮሃል፣ ዮስታይን ቁጥሩን ያነብላታል፣ እሷ "ጥሩ" ትላለች። ዮስታይን የተሸነፈች መሰለው። ደስ አለው እንኳ።

በጋው እንደዚህ አለፈ። ሰዓቱም አመሰገናቸው። "እየተሻሻልክ ነው" ይላል፤ ደረጃ ይሰጣል፤ ጁላይ ላይ የማራቶን ሰዓትህ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ነው ብሎ ተነበየ። ዮስታይን ሲነግራት ቶሩን መንገድ መሃል ቆመች።

"እስቲ ድገመው።"

"ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት።"

"ከአሥራ ሰባት" አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ ስለ ቀዩ የቡድን ማልያ ማውራት ጀመረች፤ እጅጌው ረጅም ነው ወይስ አጭር፣ ስም ደረት ላይ ነው የሚጻፈው ወይስ ጀርባ ላይ፣ በጣቷ ስትነካው ይታወቃት እንደሆነ። እንዲህ ስታወራ ዮስታይን ሰምቷት አያውቅም። መድኃኒት ቤቱን ከለቀቀች ወዲህ ስለ ነገ ስታወራ የሰማት የመጀመሪያው ነበር።

ውድድሩ በሴፕቴምበር የመጨረሻው እሑድ፣ ዴንማርክ፣ ኦደንሴ ከተማ ነበር። ጎዳናው እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ነው፤ ለዚያ ነው የመረጡት። ከዚያ በኋላ ሌላ እሑድ የለም። ጠዋቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣ ዝናብ የሌለበት ነበር። ሯጭ ከዚህ የተሻለ ቀን ለምኖም አያገኝ።

"ዝግጁ?" አላት መነሻው ላይ።

"አንተ ልጅ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ ነገረኝ።"

"ቡና ነው።"

"ቡናው ይንቀጥቀጥ፤ አንተ ቀጥ በል።"

ተኩሱ ተተኮሰ፤ ሄዱ። የመጀመሪያው ግማሽ የሚያምር ሩጫ ነበር። ቶሩን ትንፋሿ የሚሰማ እንኳ አልነበረም። ዮስታይን "ቀኝ፣ ሐዲድ፣ ግራ ሰፊ" ይላል፤ በየኪሎ ሜትሩ ሰዓቱ ሲጮህ ፍጥነቱን ይነግራታል። አራት ከአርባ። አራት ከሠላሳ ዘጠኝ። አራት ከአርባ አንድ። ግን ሰዓቱ አሥረኛውን ኪሎ ሜትር ሲጮህ አዘጋጆቹ የተከሉት ቢጫ ሰሌዳ ገና ፊት ለፊት ነበር፤ መቶ ሜትር ያህል ርቆ። በሃያ ላይ ርቀቱ ሁለት መቶ ሆነ። ዮስታይን አየው። አይቶም በልቡ፣ እነዚህ ዴንማርኮች ሰሌዳውን ሲተክሉ ቢራ ላይ ነበሩ መሰለኝ አለ። ይህን ያህል ሰው የሚሮጥበት፣ በባለሙያ የተለካ ጎዳና ነው የሚሳሳተው ወይስ የሱ ሰዓት? ጎዳናው ነው የተሳሳተው ብሎ ፈረደ።

ከሃያ አምስት በኋላ ሰዓቱ እጁ ላይ ይርገበገብ ጀመር። የልብ ምት ከፍ ብሏል ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይላል። ዮስታይን ተጨነቀ፤ ይህች ሴት መጨረሻው ላይ ልትወድቅብኝ ነው አለ። የማን ልብ እንደሚቆጠር አላሰበበትም። ሰዓቱ የታሰረው በሱ እጅ ላይ ነው፤ የሚቆጥረውም የሱን ልብ ነው። የደከመው እሱ ነበር።

ሰዓቱ ሠላሳን ጮኸ። በትክክል ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ።

"ሰሌዳው?" አለች ቶሩን። በሩጫ ላይ ብዙ አትናገርም፤ ይህን ግን ጠየቀች። "የሠላሳው ሰሌዳ?"

ሰሌዳው ፊት ለፊት ነበር። ከዛፎቹ ሥር፣ ቢጫ፣ ሦስት መቶ ሜትር ርቆ። ዮስታይን እያየው፣ "አለፍነው" አላት።

መዋሸቱ አልታወቀውም። ሠላሳ ሞልቷል፤ ሰዓቱ ብሏል፤ ሰሌዳው የትም ቢተከል ለሱ ያለፈ ነበር። ቀጠለና፣ "እታለም፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ትርፍ አለን። አሁን ትንሽ ቀንሺ። ለመጨረሻው እናስቀምጥ" አላት።

"ደህና ነኝ እኮ።"

"ቀንሺ ስልሽ።"

ቀነሰች። ከደቂቃ ተኩል በኋላ እግራቸው ሥር የተዘረጋውን የሰዓት መቆጣጠሪያ ምንጣፍ ረገጡ፤ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ከሰሌዳው ጋር የሚዘረጋ ነው፤ ጫማ ላይ ያለው ቺፕ ሲያልፍበት ጥጥጥ ይላል። ጥጥጥ አለ። ዮስታይን በዚያች ቅጽበት ገመዱ ሲጠብቅ ተሰማው፤ እህቱ ልትቆም ያሰበች ያህል። ወዲያው ላላ። "ጠጠር ነው?" አላት። "ምንም አይደለም" አለችው፤ ሄዱ።

የቀረውን ማውራት ይከብደኛል። በአዲሱ ፍጥነት፣ በምቾት፣ በትርፋቸው ተማምነው መጡ። ዮስታይን ነገሩ ሁሉ ሞልቶለታል፤ ለሚያልፋቸው ሰው ሁሉ ፈገግ ይላል። ሰዓቱ አርባ ሁለት ነጥብ ሁለትን ሲጮህ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ከሠላሳ አራት ሰከንድ ይላል፤ ማራቶን ማለት ይኸው ነው፤ ሚኒማው በእጃቸው ነው። ዮስታይን ቀና አለ። የመጨረሻው መስመር የለም። ፊት ለፊቱ ረጅም ጎዳና፣ በግራና በቀኝ ባንዲራ፣ በመጨረሻው ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ ትንሽ ሆኖ የሚታይ በአየር የተነፋ የመድረሻ በር።

"ሩጪ!" አላት።

"ምን?"

"ሩጪ፣ ቶሩን! ሩጪ! አልደረስንም!"

ሮጠች። በሕይወቷ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም። አሁን ገመዱ ወደ ኋላ ይጎተት ነበር፤ የሚጎተተው እሱ ነው። "ቀጥ! ቀጥ!" ከማለት በቀር የሚለው የለውም፤ እሷ በጨለማ ውስጥ ቀጥ ብላ ሮጠች። አራት መቶ ሃያ ሜትር ቀርቷቸው ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሃያ ሲሞላ አየ። ሌሎች አሥራ ዘጠኝ ሰከንዶች ሲቆጥርም አየ።

መስመሩን አልፈው ቆሙ። ቶሩን ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች።

"ስንት?"

ዮስታይን ትልቁን ሰዓት ደግሞ አየው።

"ስንት እያልኩህ፣ ዮስታይን?"

"ከሃያ… ከአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ።"

"ከሃያ በላይ?"

"በላይ።"

መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንዲት የዴንማርክ ልጃገረድ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ የላስቲክ ብርድ ልብስና ጠርሙስ ይዛ መጣች። ቶሩንን ከላይ ሆና አየቻትና ወደ ዮስታይን ዞረች። "ውሃ ትፈልጋለች?" አለችው።

ወደ ሃውክቪክ ተመለሱ። ቶሩን አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ሰው ሲጠይቅ "አልሆነም" ትላለች፤ ያውም ሰው የሚጠይቀው እሷን ሳይሆን ዮስታይንን ነው። ፌዴሬሽኑ ቦታውን ለሃያ አራት ዓመት ልጅ ሰጠ። ኦክቶበር ላይ ሁለት ቀን አብረው ሊሮጡ ወጡ። በመጀመሪያው ቀን ቶሩን ሦስት ጊዜ ተደናቀፈች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ተደናቅፋ የማታውቅበት መንገድ ላይ። በሁለተኛው ቀን ድልድዩ ጋ እንደደረሱ ቆመች፤ ብርድ ገባኝ ብላ ተመለሰች።

ዮስታይን ቤቱ ገብቶ ሰዓቱ የበጋውን ሩጫ ሁሉ የመዘገበበትን ካርታ ስልኩ ላይ ከፈተ። እስከዚያን ቀን ቁጥሩን እንጂ ካርታውን አስተውሎ አያውቅም ነበር። የሮጡበት ቀይ መስመር ከድልድዩ ተነስቶ መንገዱን ይይዛል፤ ገደሉ ሥር ሲደርስ ይንገዳገዳል፤ መንገዱን ይለቅና ባሕሩ ላይ ይወጣል፤ ተመልሶ ደግሞ ገደሉ ውስጥ ይገባል። በጋውን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ዮስታይን እህቱን እጇን ይዞ በውሃ ላይ ሲያስሮጣት ከርሟል። በውሃ ላይ የተሮጠው ሁሉ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተቆጥሯል።

በማግስቱ ጋሽ አስብዮርን ቤት ሄደ። ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቁ ምድር ቤት ወርደው ጎማዋን አመጡ። ዘንግ ላይ የተገጠመች፣ ስትንከባለል ቀጭ ቀጭ የምትል፣ ቀለሟ የተላጠ ጎማ። ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በዝናብ ውስጥ ዝም ብለው ሄዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ አስብዮርን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ቁጥሩን አነበቡ፤ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት ሜትር።

"ነግሬህ ነበር" አላሉትም። ቢሉት ይሻለው ነበር።

ቶሩን ቤት ሲደርስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ዳቦ ላይ አይብ እየላጠች ነበር። ጃኬቱን ሳያወልቅ ነገራት።

"ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት።"

እጇ ቆመ። "እኔ አርባ ስድስት ነበር ያልኩት" አለች። "ሁለት ሜትር ስቻለሁ።"

"እታለም…"

"ቁጭ በል። እያንጠባጠብክ ነው፤ ይሰማኛል።"

አልተቀመጠም። "ሌላም ነገር አለ። ሠላሳው ላይ ሰሌዳውን አላለፍነውም ነበር። እያየሁት ነው አለፍነው ያልኩሽ። ደግሞ ቀንሺ ያልኩሽ… ልቡ የኔ ነበር። ባልቀንስሽ ኖሮ ደርሰሽ ነበር። ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ ይተርፍሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ሰሌዳውን። አለፍነው ካልከኝ በኋላ ምንጣፉ ጮኸ። ምንጣፉ ያለው ሰሌዳው ጋ ነው።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "በሃያውም እንደዚያው ነበር። በሃያ አምስቱም። እርምጃዬንም እቆጥር ነበር፤ መቼ ትቼ አውቃለሁ? እንደማንደርስ ከሠላሳ ጀምሮ አውቅ ነበር፣ ዮስታይን።"

ዮስታይን አሁን ተቀመጠ። "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም? ለምን ጥለሽኝ አልሮጥሽም? ለምን ዝም አልሽ?"

ቶሩን ወደ ድምፁ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለገ፤ የለም። ቁጣ ቢኖር የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር።

"በጸደይ ጊዜ አታምኚኝም ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ" አለች። "ሳስበው ቆየሁ። ቀኝ ስትለኝ ቀኝ እረግጣለሁ። ጉድጓድ ስትለኝ እዘላለሁ። አልጠይቅህም፤ ለመጠየቅ ጊዜ የለም፤ እግሬ አየር ላይ ነው። ምንጣፉ ሲጮህ ሁለት ነገር ነበረኝ። ወይ አንተን ማመን፣ ወይ ራሴን። ራሴን ካመንኩ አንተ ተሳስተሃል ማለት ነው። ሰሌዳ ላይ ከተሳሳትክ ጉድጓድ ላይስ? አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። አንተን ከተጠራጠርኩ እግሬን የት ላሳርፈው?"

ዮስታይን እጁ ላይ ያለውን ሰዓት በሌላው እጁ ሸፈነው።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አለች። "ይቅርታው አይደለም ችግሩ። አሁን ቀኝ ስትለኝ፣ እውነት ቀኝ ይሆን? እላለሁ። እሱን እያልኩ መሮጥ አይቻልም። ሞከርኩ፤ አይተሃል።"

ከመሳቢያው ገመዱን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ድምፁ ወደመጣበት ገፋችለት። የሷ ጫፍ በእጇ ላብ ጠቁሯል።

"ሌላ መሪ እንፈልጋለን" አለ ዮስታይን። "ክለቡ ውስጥ—"

"ሃውክቪክ ውስጥ ማን አለ? ደግሞ አራት ዓመት ይፈጃል። አርባ ሰባት ልሆን ነው?" ቢላዋውን በጣቷ ፈልጋ አነሳች። "በል ዳቦ ብላ። ከዚያ ሂድ፤ ልተኛ ነው።"

ገና ከሰዓት በኋላ ነበር። ሄደ።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተው፤ ወደ ባሕሩ ሊወረውረው አስቦ ነበር፤ ግን ሰዓቱስ ምን አደረገ? የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ከፊቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቀጥ ያለ፣ ሰውም መኪናም የሌለበት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው መንገድ ነው። ገመዱን በእጁ እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነና መራመድ ጀመረ፤ እየቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ፣ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል፤ ቢያውቅም እግሩ መሬቱን ሳያገኝ የሚወርድ መሰለው። ቀኝ ነው ግራ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ፈለገ።

አሥራ አንድ እርምጃ ሄዶ ዓይኑን ገለጠ።